ሦስት አጥር የዘለለው ኮርማ

በሰፈራችን ይህን ታሪክ የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የተወለደ ነው፤ እሱም ቢሆን ጡት ሳይጥል ይሰማዋል።

አንድ ኮርማ ነበር። ከየት እንደመጣ አይታወቅም። የመጀመሪያው አጥር የአናጢው ነው፤ ጣውላ ነው፤ ዘለለው። ሁለተኛው የጡረተኛው መምህር ነው፤ ባለ እሾህ ሽቦ ነው፤ እሱንም ዘለለው፣ ሽቦው ላይ የቀረችው አንዲት የጅራት ፀጉር ብቻ ናት። ሦስተኛው የእህቴ የቆርቆሮ አጥር ነው። እዚያ ሲደርስ ቆም አለና ቆርቆሮውን በቀንዱ ጫፍ አንኳኳ። ጨዋ ኮርማ ነበር። የሚከፍትለት ሲያጣ ምን ያድርግ፣ ዘለለ። ከእህቴ አሮጊት ላም ጋር ጉዳዩን ጨረሰና በመጣበት ሦስት አጥር ተመለሰ። በዘጠኝ ወሩ ሎጊት ተወለደች።

ታሪኩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የነበረው አንድ አጥር ብቻ ነው። ሁለተኛውን የጨመርኩት ሎጊት ገለባ መብላት ስትጀምር ነው፤ ሦስተኛውን ደግሞ ሰው ሁለቱን አጥር ለምዶ ማዛጋት ሲያመጣ። ማንኳኳቱ ከሁሉም በኋላ መጣ። ጡረተኛው መምህር ያቺን የጅራት ፀጉር መዝገበ ቃላት ውስጥ አስቀምጫታለሁ ብሎ ይምላል። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እንኳ ይምላል።

እውነቱ ግን አጥር የለውም። እውነቱ አንድ ቀሰም ነው።

የምሠራው ከብት ማራቢያ ጣቢያ ነበር፤ ጋጣ ጠራጊ፣ ገለባ አቅራቢ፣ ጅራት ያዥ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ እሱ ሊቀጥል ፈልጎ ነበር፣ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ቢሆንም የጣቢያውን የከብት ሐኪም፣ የዶክተሯን ላቦራቶሪ የምጠርገው እኔ ስለነበርኩ፣ እሷም ሥራ ላይ ሆና ማውራት ስለምትወድ፣ ስለ ከብት ሥጋ የተማረ ሰው ከሚያውቀው ግማሹን አውቃለሁ። ጉድ የሠራኝም ይኸው ግማሹ ነው።

ዶክተሯ ከከብቱ ታፋ ላይ ውስጡ ክፍት በሆነ መርፌ የባቄላ ፍሬ የምታክል ሥጋ ትወስዳለች። ታቀዘቅዛታለች፣ ከወረቀት አሳስታ ትቆርጣታለች፣ ቀለም ታጠጣትና ማይክሮስኮፕ ሥር ታደርጋታለች። አንድ ቀን መጥረጊያዬን ይዤ ስቆም «ና እይ» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ወለል ላይ የተነጠፈ ንጣፍ ይመስላል፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጣ ያለ።

«ጡንቻ ማለት ክር ነው» አለች። «ጠቁሮ የሚታይህ ቀዩ ክር ነው። ቀስ ይላል፣ ግን ቀኑን ሙሉ ቢሠራ አይደክምም። ነጣ ያለው ነጩ ነው። ባንዴ ይፈናጠራል፣ ወዲያው ይዝላል።»

«ገባኝ፣ ዶክተር። ቀዩ እህቴ ናት፣ ነጩ እኔ ነኝ።»

«አንተ ክርም የለህ። ወሬ ብቻ ነህ።»

የምናወራው እንዲህ ነበር። እሷ ስትሰድበኝ እኔ እጠርጋለሁ፣ እኔ ስዋሽ እሷ ትቆጥራለች።

«ቀዩ ስንት ይሁን፣ ነጩ ስንት ይሁን የሚለው ማን ነው ታዲያ?» አልኳት።

«ከአባትና ከእናት የሚወረስ ትእዛዝ ነው። ጂን እንለዋለን። ብዙ ዓይነት ነው፤ አንዱ ክሩን ቀይ ሁን ይለዋል፣ አንዱ ነጭ ሁን። ከሁሉም አንዱ ግን ሥራው በቃ ማለት ነው። ጡንቻው ሲበዛ፣ ሲበዛ፣ በቃ ይለዋል። አንድ ከአባት፣ አንድ ከእናት።»

እኔም ስም አወጣሁለት፤ በቃ ባይ። ዶክተሯ ሳቀችና ስሙን ወሰደችው። የራሷ የላቲን ስም ነበራት፤ ግን ከዚያ ወዲህ ገበሬ ስታስረዳ እንኳ «በቃ ባዩ» ነው የምትለው።

ግንቡ የሚባለው የጣቢያው ኮርማ ሁለቱም በቃ ባዮቹ የተሰበሩበት ነበር። ግንቡን ያላየ ሰው እኔ ስነግረው ያጋነንኩ ይመስለዋል፤ በሕይወቴ ሳላጋንን ያወራሁት አንድ ነገር ቢኖር ግን እሱ ነው። ዳሌው መሃል ለመሃል ተሰንጥቆ ቆዳው ሥር ሌላ ኮርማ የተደበቀ ይመስላል። አንገቱ የት እንደሚጀምር አይታወቅም። ከአሥር ክሩ ዘጠኙ ነጭ ነው። ከጋጣው እስከ ውኃ ገንዳው ሃምሳ እርምጃ ነው፤ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሞ ያርፋል፣ አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ ከዚያ እንደ ሸክም ተሸካሚ ተንፍሶ ይቀጥላል። ያ ሁሉ ሥጋ ልቡን አስከትሎ አላሳደጋትም። ሩቅ የሚሄድ ነገር አልነበረም። አጥር መዝለሉን ተዉት፤ አጥር ቢወድቅለት እንኳ ለመሻገር ያመነታ ነበር።

ዘሩ በቀጫጭን የፕላስቲክ ቀሰም ተሞልቶ፣ ጢስ የሚተፋ የፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዣ በርሜል ውስጥ ይቀመጣል። በዚያን ጊዜ ከጣቢያው እንዳይወጣ ተከልክሎ ነበር። እኔ ደግሞ የተከለከለ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል። ሌላም ምክንያት ነበረኝ። እናታችን ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እህቴ ናት፣ ያሳደገችኝም በወተት ነው። በየጠዋቱ አሥራ ስምንት ደንበኞች ዕቃቸውን ይዘው የቆርቆሮ በሯን ያንኳኳሉ። አሮጊቷ ላሟ ግን እየደረቀች ነበር፤ ሦስት ጊዜ ተዳቅላ አልያዘችም። ስለዚህ አንድ ቀን በሻይ ቴርሞስ ናይትሮጅን ቀዳሁ፣ አንድ ቀሰም ከተትኩ፣ እንዳይፈነዳ ክዳኑን ሳልገጥም እንደ ቅዱስ ነገር ደረቴ ላይ ይዤ ሄድኩ። ሲሠራ መቶ ጊዜ አይቻለሁ፤ እህቴ ገበያ ስትወጣ እጄን እስከ ክርኔ ላሟ ውስጥ ከተትኩና ጨረስኩት። ላሟ መያዟ ሲታወቅ እህቴ «ከየት?» አለች። «አንድ ኮርማ አጥር ዘሎ ገብቶ ነበር» አልኳት። የታሪኩ ልደት ይህ ነው።

ሎጊት አደገች። ረጅም፣ ሰፊ፣ ፀባየ ሸጋ። አሮጊቷ ስትሞት የእህቴ ኑሮ በሎጊት አራት እግር ላይ ቆመ። አንድ ጊዜ ከተራ ኮርማ ወለደች፣ ያለ ችግር፤ ወተቷም አሥራ ስምንቱን ደንበኞች አዳረሰ። እህቴ ግቷን ስታጥብ እንደ ሰው ታዋራታለች። እኔ በሄድኩ ቁጥር «ተመልከት» ትለኛለች፣ «አባቷ የማይታወቅ ልጅ እንዲህ ስታምር።»

ከዚያ ጣቢያው የግንቡን ዘር ለሕዝብ ፈቀደ። ሥጋ ያለው ጥጃ የፈለገ ሁሉ ተሰለፈ። ደንቡ ግን ጥብቅ ነበር፤ የግንቡ ደም ያለባት ላም አትነካም። ምክንያቱን ዶክተሯ ለእያንዳንዱ ባለቤት በጣቷ እየቆጠረች ትነግረዋለች። ግንቡ ለልጁ የሚሰጠው የተሰበረውን ብቻ ነው፤ ሌላ የለውማ። ተራ ላም ደህናውን ትሰጣለች። ጥጃው አንድ ደህና በቃ ባይ ይዞ ይወለዳል፤ ደንደን ይላል እንጂ እናቱን አይጎዳም። ላሟ ራሷ የግንቡ ልጅ ከሆነች ግን ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ ደህናውን ትሰጣለች፣ ወይ የተሰበረውን። የተሰበረውን ከሰጠች ጥጃው ገና ሆዷ ውስጥ ሳለ ግንብ ይሆናል፤ በመጣበት መንገድ አይወጣም።

እህቴ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ ነበረች። «አንተ ስንት ዓመት ሙሉ ግንቡ፣ ግንቡ ስትለኝ የኖርክ» አለችኝ። «ይኸው ጊዜው ደረሰ።»

ዶክተሯና አዳቃዩ በሞተር ብስክሌት ወደ ግቢዋ መጡ። አዳቃዩ ቀሰሙን ላሞች ውስጥ የሚያስገባው የጣቢያው ቴክኒሽያን ነው፤ ጉልበተኛ፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ትከሻው ብቻ የሚነቃነቅ። ቅጽ አወጣ።

«የላሟ አባት?» አለ።

እህቴ ወገቧን ያዘች። ታሪኩን ከእኔ በላይ አሳምራ አወራችው። አናጢው፣ ሽቦው፣ ፀጉሯ። ማንኳኳቱ ላይ ስትደርስ እጇን ቆርቆሮው ላይ አሳረፈች፤ ኳ፣ ኳ። የአዳቃዩ ትከሻ ተነቃነቀ።

«አንኳኳ?» አለች ዶክተሯ።

«አንኳኳ እንጂ። ከአንዳንድ የሰው ልጅ ይሻል ነበር።»

ዶክተሯም ሳቀች። እየሳቀች እጇን በሎጊት ዳሌ ላይ አሳለፈች። እጇ አንድ ቦታ ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ።

«ለመንገደኛ ኮርማ ልጅ ይሄ ዳሌ በዛ» አለች፣ ሳቋ ሳያልቅ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ከጅራቷ ሠላሳ ፀጉር ከነሥሩ ንቀልና ነገ ይዘህልኝ ና። ጂኗን ልይ።»

ነቀልኩ። ፖስታ ውስጥ ከተትኩ። በመንገዴ ሁሉ ፖስታው እንደ ፍም ኪሴን አቃጠለኝ። ፀጉሩ ከተመረመረ አንዱ በቃ ባይ የተሰበረ ሆኖ ይገኛል፤ የተሰበረ በቃ ባይ ደግሞ በአገሩ ያለው አንድ ኮርማ ብቻ ነው፤ የዚያ ኮርማ በርሜል ቁልፍ ያለበትን ቦታ የሚያውቅና እህቱ ላም ያላት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ከሥራ እባረራለሁ። እሱ ብቻም አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር ሌላም አሳስቦኝ ነበር። ሦስቱ አጥሮች ይፈርሳሉ። ሰው ሲያየኝ ፈገግ የሚልበት ነገር ይጠፋል።

ጠዋት ጣቢያው ጋጣ ገባሁና ቁጥር አርባ አንድ ከምትባል የጣቢያው አሮጊት ላም ጅራት ሠላሳ ፀጉር ነቀልኩ። ቁጥር አርባ አንድ ዞር ብላም አላየችኝ። በሌላ ፖስታ አድርጌ ለዶክተሯ ሰጠሁ። የሎጊት ፖስታ የሥራ ካፖርቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ቀረ፤ ልጥለው አስቤ ነበር፣ አልጣልኩትም።

በሳምንቱ ውጤቱ መጣ። ሁለቱም በቃ ባዮች ደህና። ዶክተሯ ወረቀቱን ትንሽ አየት አየት አደረገችው። «እንግዲህ እጄ ተሳስቷል» አለች። አዳቃዩ ቀሰሙን ይዞ ሄደ።

ዘጠኝ ወር ረጅም ነው። እኔ ደግሞ ቁማርተኛ ነኝ፤ ከሁለት አንድ ማለት ለእኔ እንደ ተበላ ቁማር አይቆጠርም። ሎጊት ደህናውን ትሰጣለች እያልኩ ተኛሁ፣ ደህናውን ትሰጣለች እያልኩ ተነሳሁ። በስድስተኛው ወር ሆዷ ጎንና ጎኗን ገፍቶ ወጣ። በስምንተኛው ወር እህቴ ወተቷን አቆመች፤ ለደንበኞቿም «ሁለት ወር ታገሱኝ፣ ከዚያ በገንዳ ነው የምትቀዱት» አለቻቸው። እነሱም ታገሱ። ሌላ ወተት ሻጭ ጋር የሄደ አልነበረም።

አንድ ቀን ልነግራት ሞከርኩ። በሚመቸኝ መንገድ፣ በቀልድ።

«እትዬ፣ የሎጊት አባት ግንቡ ራሱ ቢሆንስ?»

ገለባ ትበትን ነበር። ቀና ሳትል «ግንቡ?» አለች። «ያ ውኃ ሊጠጣ ሲሄድ የሚያርፈው? ሦስት አጥር? ሂድ ወዲያ። ውሸት እንኳ ስትዋሽ ልክ ይኑርህ።»

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ፣ ፖስታው ደረቴ ላይ።

ቀኑ ደረሰ። ረፋድ ላይ ደወለች። «ውኃዋ ከፈሰሰ ቆይቷል። ዶክተሯን ይዘህ ና።» ድምፅዋ ውስጥ ፍርሃት አልነበረም፤ እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ድምፅ ነበር።

ዶክተሯ ገመድና ጓንት ያዘች። የቀዶ ሕክምናውን ሣጥን አየችና ተወችው። «ወረቀቷ ንጹሕ ነው፣ አያስፈልግም» አለች። ሣጥኑ በሩ አጠገብ መደርደሪያ ላይ ነበር፤ በአጠገቡ አልፌ ወጣሁ።

ሎጊት በጎኗ ተኝታለች። የጥጃው ሁለት የፊት እግሮች እስከ ቁርጭምጭሚት ወጥተዋል። እግር አይመስሉም፤ የአጥር ምሰሶ ይመስላሉ። እህቴ ጭንቅላቷ አጠገብ ተንበርክካ ግንባሯን ታሻለች። «አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ፣ ሊያልቅ ነው።» ዶክተሯ መሬት ላይ ተኛችና እጇን እስከ ትከሻዋ አስገባች። ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች።

«ራሱ ቀና ነው። ትከሻው ሰፊ ነው» አለች። «ቢሆንም አንድ በቃ ባይ አለው፣ ይመጣል። ሁለቱም የሌሉት ቢሆን ገመድ አልነካም ነበር፣ ወዲያው ሆዷን ነበር የምቀድደው።» የመጨረሻውን የነገረችው ለአዳቃዩ ነው፤ ለማስተማር። የኔን ቃል፣ በቃ ባይ የሚለውን፣ እንደ ማንኛውም የሥራ ቃል ነው የተናገረችው።

ገመዱ እግሮቹ ላይ ታሰረ። አንዱን ጫፍ አዳቃዩ ያዘ፣ አንዱን እኔ። «ስታምጥ ብቻ» አለች ዶክተሯ። ሎጊት አማጠች። ሳብን። ምንም። እንደገና አማጠች። ሳብን። የጥጃው አፍንጫ ወጣ፣ ምላሱ አብጦ ወደ ጎን ተንጠልጥሏል፤ ከዚያ እንደ ተቆለፈ በር ቆመ። በዚህ ጊዜ አፌን መክፈት ነበረብኝ። እጄ ገመዱ ላይ ነበር፣ አፌም እዚያው ገመዱ ላይ የታሰረ ይመስለኝ ነበር። ሦስተኛውን ሳብን። ከውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ እርጥብ አንሶላ ሲቀደድ የሚሰማውን ዓይነት። ሎጊት አላጓራችም። ጭንቅላቷ እህቴ ጭን ላይ እንዳለ፣ አንገቷን አዙራ እኔን አየችኝ።

«ዶክተር» አልኩ። «ያ ፀጉር የእሷ አይደለም።»

እህቴ ናት ቀድማ የመለሰችው። «አይስሙት፣ ዶክተር። ሲጨንቀው እንዲህ ነው፣ ይቀልዳል። ከልጅነቱ ነው።»

ዶክተሯ ግን ቀና አለች። «የማን ነው?»

«የቁጥር አርባ አንድ ነው። የእሷ ይኸው።» ፖስታውን አወጣሁ። ዘጠኝ ወር ኪስ ውስጥ ኖሮ ጠርዙ ተበልቷል። «አባቷ ግንቡ ነው። ቀሰሙን የሰረቅኩት እኔ ነኝ።»

«አባቷማ» አለች እህቴ፣ «ያ ሦስት አጥር...» አልጨረሰችውም። ከእኔ ወደ ፖስታው፣ ከፖስታው ወደ ዶክተሯ ፊት አየች። ዶክተሯ እየሳቀች አልነበረም።

«ገመዱን ልቀቁ» አለች ዶክተሯ። ድምፅዋ አልጨመረም። «ሣጥኑን አምጣ። ሞተሩን ውሰድ።»

መሄጃው አሥር ደቂቃ፣ መመለሻው አሥር ደቂቃ ነው። ከዚያ በፊት ስለዚያ መንገድ ብዙ ታሪክ ፈጥሬያለሁ፤ በስምንት ደቂቃ ደረስኩ፣ በሰባት ደቂቃ ደረስኩ። ያን ቀን ሃያ ደቂቃ ሃያ ደቂቃ ነበር። ስመለስ ሎጊት ማማጧን አቁማለች። ጆሮዋ ቀዝቅዟል። ዶክተሯ ጎኗን ላጨች፣ ማደንዘዣ ወጋች፣ ቀደደች። ከውስጥ መጀመሪያ የወጣው ጥጃ አይደለም፤ ደም ነው፣ የቆየ ደም፣ ብዙ። ከዚያ ሦስታችን ሆነን ጥጃውን አወጣነው። ወንድ ነው። ዳሌው የተሰነጠቀ፣ አንገቱ ከትከሻው የማይለይ። ግንቡን ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩት። ይተነፍስ ነበር።

ዶክተሯ ለመስፋት ሞከረች። ረጅም ሰዓት ሞከረች። ፀሐይ ከቆርቆሮው አጥር በላይ ሳለች ሎጊት ሞተች። እህቴ ጭንቅላቷን ከጭኗ ላይ አላወረደችም። ቀና ብላ ዶክተሯን፣ «ያኔ በእጅዎ አውቀውት ነበር፣ አይደል?» አለቻት።

«አውቄው ነበር» አለች ዶክተሯ። «ወረቀቱን አመንኩ።»

ጥጃው መቆም አልቻለም። ያ ሁሉ ጡንቻ አራት እግር ሊያቆምለት አልቻለም። ምላሱ ወፍሮ አልጠባ ሲለው እህቴ ከሌላ ሰው ወተት እየተቀበለች በጣሳ አጠጣችው፤ በየጉንጩ መሃል እያረፈ፣ እያለከለከ ጠጣ። በአሥራ አንደኛው ቀን ልቡ ቆመች። ዶክተሯ ከታፋው ላይ የባቄላ ፍሬ የምታክል ሥጋ ወሰደች።

ከሁለት ቀን በኋላ ላቦራቶሪ አስጠራችኝ። ማይክሮስኮፑ ተዘጋጅቶ ነበር። «ቁጠር» አለችኝ። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ፣ ጥቁሩን ለብቻ፣ ነጣ ያለውን ለብቻ። ቁጥሩን ነገርኳት። ራሷ አንድ ጊዜ ደግማ ቆጠረች። ትክክል ነበርኩ። ደብተሯ ላይ ጻፈችና የአባት ስም የሚለው መስመር ላይ ደርሳ ብዕሩን ለእኔ ሰጠችኝ። ጻፍኩ። ከዚያ የጋጣውን ቁልፍ አስረከብኩና ወጣሁ። ያን ሥራ እንዳላጣ ብዬ ነበር ሁሉንም ያደረግኩት።

እህቴ ቤት ስደርስ በር ላይ አስቆመችኝ። ሁለቱ ወር አልቆ ስለነበር ደንበኞቿ በማግስቱ ጠዋት ዕቃቸውን ይዘው እንደሚመጡ ታውቃለች።

«እኔ አላወራም» አለችኝ። «ወሬ የምትችለው አንተ ነህ። በየጠዋቱ እዚህ ቆመህ ወተት ለምን እንደሌለ ትነግራቸዋለህ። ለእያንዳንዱ። እንደሆነው።»

«እስከ መቼ?»

«አሥራ ስምንት ናቸው።»

ቆምኩ። መጀመሪያ የመጣችው ልብስ ሰፊዋ ናት፣ ፕላስቲክ ጀሪካን ይዛ። ነገርኳት። ቀሰም ሰረቅኩ፣ ፀጉር ለወጥኩ፣ ዝም አልኩ፣ ላሟ ሞተች። በአራት ዓረፍተ ነገር አለቀ። እንዲህ አጭር ታሪክ በሕይወቴ አውርቼ አላውቅም። ጀሪካኗን አየችና ሄደች። ከዚያ አናጢው መጣ።

«እና አጥሬስ?» አለኝ።

«አጥርህን ማንም አልዘለለውም።»

«እኔ እኮ በዚያ ምክንያት የተሰነጠቀችውን ጣውላ አልጠገንኳትም። ሰው ሲመጣ ሰኮናው የነካት ናት ብዬ አሳያለሁ።» «የድሮው ታሪክ ይሻል ነበር» ብሎ ሄደ።

ጡረተኛው መምህር አላመነኝም። ፀጉሯን ላምጣልህ ወይ አለኝ። «አምጣት» አልኩት። አላመጣም፤ ከዚያ ወዲህም በበሩ አላለፈም።

እህቴ ሁልጊዜ ከቆርቆሮው ጀርባ ናት። አትወጣም፣ ግን ታዳምጣለች፤ የእግሯን ጥላ ከቆርቆሮው ሥር አየዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ለዳቦ ጋጋሪው እየነገርኩ ሳለሁ፣ ሦስተኛውን ስንስብ ጋ ስደርስ፣ «ሎጊት አንገቷን አዙራ አየችኝ» አልኩ።

ከቆርቆሮው ጀርባ የእህቴ ድምፅ መጣ። «እሱ አልነበረም።»

ነበር። ከተናገርኩት ሁሉ አንዳች ያልጨመርኩበት እሱ ነው። እሷ ግን ያኔ ጎንበስ ብላ ግንባሯን ስታሻት ነበር፣ የላሟን ዓይን አላየችም። ዳቦ ጋጋሪው ማንን እንደሚያምን ሳያውቅ አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ ቆርቆሮው አየ።

«አልነበረም» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ለቀሩት ስነግር ያቺን የሎጊትን እይታ ዘልዬ ነው። እዚህ ግን ጽፌያታለሁ።